ልብ ወለድ በጉባኤ ፊት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ዋሽንት ለጥቂት ሰከንድ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ ራቤል፣ ዓለም ከተማ፣ በጓሳው ጥብቅ ስፍራ ዙሪያ ባሉት ቀበሌዎችም ሬዲዮ ከፍታችሁ የምትጠብቁን ሁሉ ሰላምታችን ይድረሳችሁ። የዛሬው ትምህርታችን ደብተር ሙሉ ልብ ወለድ ጽፋችሁ ለማንም ላላሳያችሁ ነው። እንዳላችሁ እናውቃለን። አንዳንዶቻችሁ አስተማሪ ናችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ የጤና ኬላ ሠራተኛ፣ አንዳንዶቻችሁ ገና ተማሪ። የምትጠይቁት ግን ያው ነው፤ «ልብ ወለድ መጻፍ በትምህርት ይገኛል ወይስ ሲፈጥር የተሰጠው ብቻ ነው የሚችለው?»

የእኔ መልስ አጭር ነው። ተሰጥኦውን ማንም አስተማሪ አይሰጣችሁም። ሙያው ግን ይለመዳል። የሚለመደውም የጻፉትን ሰው ፊት አቅርቦ፣ አፍን ዘግቶ፣ የሚባለውን እስከ መጨረሻው በመስማት ነው። ይህ ከባድ ነው፤ እንዲያውም ከመጻፉ ይከብዳል።

ወርክሾፕ ሲባል ብዙዎቻችሁ ትዝ የሚላችሁ አዳራሽ፣ ፕሮጀክተር፣ የታሸገ ውኃና አበል እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ የምናገረው ስለዚያ አይደለም። የምናገረው አምስት ወይም ስድስት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስቦ የአንዱን ረቂቅ መስመር በመስመር ስለሚመረምርበት ጉባኤ ነው። አበል የለውም።

(አጭር ሙዚቃ)

ከጓሳ አፋፍ ላይ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ብትመለከቱ መሬቱ በድንገት ይወርዳል፤ ይፋት ከእግራችሁ ሥር ነው። ከዚያ ከይፋት፣ ከደብረ ሲና በኩል የተነሡ አንድ ደራሲ ነበሩ፤ ዳኛቸው ወርቁ። በ1962 ዓ.ም «አደፍርስ» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተሙ። ታሪኩ የሚካሄደው በዚያው በይፋት ነው። ዘመናዊ ትምህርት የቀመሰ ወጣት ገጠር ገብቶ ከባላባቱም፣ ከቄሱም፣ ከወይዘሮዋም ጋር ነገር ይገጥማል። መጽሐፉን ያነበባችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ደራሲው ጣልቃ እየገቡ ብዙ አያብራሩም። ሰዎቹ ይናገራሉ፣ ይሟገታሉ፣ ይተርታሉ፤ እኛ ቁጭ ብለን እንሰማለን። የአነጋገሩ ለዛ የእናንተው የሰሜን ሸዋ ነው። መጽሐፉ ሲወጣ ይከብዳል ያሉ አንባቢዎች ነበሩ። ዛሬ ግን ስለ አማርኛ ልብ ወለድ የሚያስተምር ሰው ሳይጠቅሰው አያልፍም።

ዳኛቸውን ያነሣሁበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። እኚህ ሰው ወደ አሜሪካ፣ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ሄደው የድርሰት ትምህርት ከሚሰጥበት ስፍራ ደርሰዋል። በእንግሊዝኛ የጻፉት «አሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ» የተባለ ልብ ወለድም በ1973 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ በሃይንማን አሳታሚ፣ በአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ መጻሕፍት ውስጥ ወጥቷል። ታሪኩ የታመሙ ፊታውራሪ ልጆቻቸው ይዘዋቸው ወደ ዝቋላ አቦ ጠበል የሚሄዱበት ጉዞ ነው። ከዚያ በኋላ ምን አደረጉ? በ1977 ዓ.ም «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ» የተባለ መጽሐፍ በአማርኛ አሳተሙ። የቻሉትን ለራሳቸው አልያዙትም፤ ለተከታዩ ጸሐፊ አስተላለፉት። በትምህርት ቤታችሁ ወይም በወረዳችሁ ቤተ መጻሕፍት ካለ ፈልጉት፤ ከሌለ ይገዛልን ብላችሁ ጠይቁ።

አዮዋ ለምን ተነሣ ለምትሉ፣ እዚያ ያለው የደራስያን ወርክሾፕ ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ ነው። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ልብ ወለድ ጽፎ ማስተርስ ዲግሪ የሚያዝበትን ልማድ ያስፋፋው እሱ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ከልዩ ልዩ አገር ደራስያንን የሚጋብዝ ሌላ መርሃ ግብር ተቋቋመ። የ«አልወለድም» ደራሲ አቤ ጉበኛ በ1973 እና 1974 እ.ኤ.አ. የዚህ መርሃ ግብር እንግዳ ነበሩ። አቤ በዚያን ጊዜ ጀማሪ አልነበሩም። ከአቸፈር ተነሥተው፣ መጽሐፋቸው ተከልክሎባቸው፣ በግዞት ተንገላተው፣ በብዕራቸው ለመኖር የቆረጡ ሰው ነበሩ። እንደዚያ ያለ ሰው እንኳ ከሌሎች ጸሐፊዎች ጋር አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ለመቀመጥ ባሕር ተሻግሯል።

ከዚያ ወዲህ በውጭ ያደጉ የእኛ ልጆች በዚህ መንገድ ሄደዋል። ዲናው መንግሥቱ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ፣ መዓዛ መንግሥቴ በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የድርሰት ትምህርት ተምረዋል። የመዓዛ ሁለተኛ ልብ ወለድ፣ ስለ ጣልያን ወረራና ስለ ሴት አርበኞች የሚተርከው፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩ ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ሜሮን ሀደሮ በአጭር ልብ ወለድ የኬን ሽልማትን አሸንፋለች። የሁሉም ሥራ በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የአማርኛው ጸሐፊ ከእነሱ መቅዳት ያለበት ቋንቋውን አይደለም፤ ረቂቅን ለሌላ ዓይን የማቅረብን ልማድ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ይህ ልማድ ከአሜሪካ የመጣ ለሚመስላቸው ግን አንድ ነገር ላስታውስ። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህን ያውቀዋል። ተማሪው ሲጀምር መወድስ አይቀኝም። በሁለት ቤት በምታልቀው በጉባኤ ቃና ይጀምራል። መምህሩ አብነት የሚሆን ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ተማሪው ወደ ጫካው፣ ወደ መቃብር ቤቱ፣ ወደ ዛፍ ጥላው ዘወር ይልና የራሱን ይቆጥራል። ሲጨርስ መጥቶ መምህሩ ፊት ይነግራል። እዚያ ነው ፈተናው። ሌሎቹ ተማሪዎች እየሰሙ መምህሩ ያርሙታል፤ ቃሉ ከዜማው ጋር አልሄደም፣ ሰሙ ወርቁን አልሸፈነም፣ ምሥጢሩ ባዶ ነው ይሉታል። ተማሪው «እኔ ለማለት የፈለግሁት እኮ...» ብሎ ቢጀምር ማንም አይሰማውም። ያሰበው ሳይሆን የተናገረው ነው የሚታረመው። ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል። ከጉባኤ ቃና ወደ ዘአምላኪየ፣ ከዚያ ወደ ሚበዝኁ፣ ወደ ዋዜማ፣ ወደ ሥላሴ እያለ ደረጃ በደረጃ ነው መወድስ የሚደርሰው።

ከዚህ ውስጥ ለልብ ወለድ ጸሐፊ የሚሆኑ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ማጠር ነው። ደብዳቤ የሚልኩልን ወጣቶች አብዛኞቹ በ400 ገጽ ረጅም ልብ ወለድ ይጀምራሉ። ሠላሳኛው ገጽ ላይ ይደክማቸዋል፤ አሮጌውን ይተዉና አዲስ 400 ገጽ ይጀምራሉ። በአጭር ልብ ወለድ ጀምሩ። ታደሰ ሊበን በ1949 ዓ.ም «መስከረም»ን፣ በ1952 ዓ.ም «ሌላው መንገድ»ን ሲያሳትሙ ሁለቱም የአጫጭር ልብ ወለድ መድበሎች ነበሩ፤ ስማቸውም እስከ ዛሬ የሚጠራው በእነዚህ አጫጭር ታሪኮች ነው። አንድ አጭር ታሪክ መነሻውም መድረሻውም በአንድ ቁጭታ ይነበባል፤ ስህተቱም በአንድ ቁጭታ ይታያል።

ሁለተኛው የመስማት ነገር ነው። ወደሱ አሁን ልምጣ።

(ሙዚቃ)

አምስት ሰዎች ናችሁ እንበል። መሐል ሜዳ ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከገበያ መልስ፣ አንድ የትምህርት ቤት ክፍል ለምናችሁ ገብታችኋል። ከመካከላችሁ አንዱ ረቂቅ ይዞ መጥቷል። ለትምህርታችን ብለን የፈጠርነው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦

«ከዕለታት አንድ ቀን በጓሳ ተራራ አናት ላይ አንዲት ውብና ደግ ሴት ትኖር ነበር። ሕይወቷ እጅግ በጣም አሳዛኝ ነበር። ባሏ ከሞተ በኋላ መከራና ሥቃይ ተፈራርቆባታል። ቤቷም አርጅቶ ነበር። ልቧ በሐዘን ተሰብሮ ሌት ተቀን ታለቅስ ነበር። ሆኖም ተስፋ አልቆረጠችም።»

ጸሐፊው አንብቦ ጨረሰ። አሁን ዝም ይላል። ሕጉ ይህ ነው፤ ሌሎቹ ተናግረው እስኪጨርሱ አንድ ቃል አይተነፍስም፤ ደብተሩ ላይ ብቻ ይጽፋል።

የመጀመሪያዋ አድማጭ ተነሥታ፣ «ሴትዮዋን አላየኋትም» አለች። «ውብ ነች ተባልኩ፤ ደግ ነች ተባልኩ፤ ስሟን እንኳ አላወቅሁም።» ሁለተኛው የዚያው አገር ሰው ነው፤ ሳቅ ብሎ፣ «ጓሳ አናት ላይ ማን ይኖራል? ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ካልሆነ። ሰው ያለው ከጥብቅ ስፍራው ዙሪያ ነው» አለ። ትክክል ነው። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ውርጭ የሚመታው አገር ነው፤ አካባቢውን የሚያውቅ አንባቢ በመጀመሪያው መስመር ላይ ነው እምነቱን ያጣው። ሦስተኛዋ፣ «ቤቷ አርጅቷል ስትል ምኑ ነው ያረጀው? ጣራው ነው? ማገሩ ነው? የት ላይ ነው የሚያፈሰው?» ብላ ጠየቀች። አራተኛው ብዙ ጊዜ የማይናገር ልጅ ነው። «አሳዛኝ ነው ብለህ አንተው ከጨረስከው ለእኔ የሚቀረኝ ሐዘን የለም» አለ።

አራተኛው ያለው ነገር አንድ ሙሉ የኮርስ ዘመን ያህላል ብዬ አምናለሁ። ይዞት ቤቱ የገባ ጸሐፊ በሁለተኛው ሳምንት ምናልባት ይህን ይዞ ይመጣል፦

«ጣራው የሚያፈሰው ልክ ከምድጃው በላይ ነው። አስካለ ጀበናውን ፈቀቅ አደረገችና ጠብታው በሚወርድበት ላይ ድስት ደቀነች። አንድ ሁለት ሸክም ጓሳ ቢገኝ በግማሽ ቀን የሚከደን ነበር። ማጭዱ ግን ማገሩ ላይ እንደተሰካ ነው፤ እጀታው በጭስ ጠቁሯል። ዝናቡ ሲያባራ ልጇ ተንጠራርቶ፣ ‹እማ፣ ማጭዱን ላውርደው?› አላት። ‹ተወው› አለችው።»

አድማጮች፣ ልዩነቱን ልብ በሉልኝ። «ባሏ ሞተ» የሚል ቃል የለም። «ሐዘን» የሚልም የለም። ማጭዱን የሰካው ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደማይወርድ ግን ሁላችንም ገባን። የጣራ ክዳን ከጓሳ ሣር እንደሚሠራ የማያውቅ የአዲስ አበባ አንባቢ እንኳ ከአረፍተ ነገሩ ይረዳዋል። የማታውቁትን ቤተ መንግሥትና ያላያችሁትን ፓሪስ ከምትጽፉ፣ በእጃችሁ የያዛችሁትን ማጭድ ጻፉ የምለው ለዚህ ነው። ጉባኤው ጸሐፊውን አዲስ ሰው አላደረገውም። የራሱን አገር እንዲያይ አስገደደው እንጂ።

አሁን ስለ አንድ ችግር እናውራ፤ በእኛ አገር ይህን ዓይነት ጉባኤ የሚያፈርሰው እሱ ነውና። ይሉኝታ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት የሆናት ተማሪ የጋሼን ረቂቅ «ሦስተኛው ገጽ ይሰለቻል» ማለት እንዴት ይቻላታል? ጋሼ ደግሞ የሰፈሩ መምህር ናቸው፣ ፈተና ያርማሉ፣ ምናልባት የእናቷ ክርስትና አባት ናቸው። ስለዚህ ሁሉም «በጣም ጥሩ ነው፣ በርታ፣ በርቺ» ይላል፤ ሻይ ይጠጣል፤ ይበተናል። እንዲህ ያለ ስብሰባ ዓመት ቢቀጥል ማንም አንድ መስመር አያሻሽልም። እኔ ከዚህ ይልቅ የሚያስቀይመው ይሻላል ባይ ነኝ።

መፍትሔ አለው። ረቂቆቹ ስም ሳይጻፍባቸው በአንድ ከረጢት ይሰብሰቡ፤ የእያንዳንዱን ሌላ ሰው ያንብበው። የማን እንደሆነ ሳይታወቅ አስተያየት ይሰጥ። ትንሽ ከተማ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይታወቃል፤ ቢሆንም ሽፋን ይሆናል። ሌላው፣ አስተያየት ሁሉ በጥያቄ ወይም ባየሁት ይጀምር፤ «ይህ ላይ ሐሳቤ ሄደ»፣ «እዚህ ጋ ማን እንደሚናገር ጠፋኝ»። «እኔ ብሆን እንዲህ ብዬ እጽፈው ነበር» የሚባለውን ግን ከልክሉ። እናንተ ብትሆኑማ የእናንተ ታሪክ ይሆናል። ሴቶቹ ልጆች እንዳይቀሩም ሰዓቱን አስቡበት፤ ሲመሽ የሚደረግ ጉባኤ ግማሹን ጸሐፊ ከደጅ ያስቀራል።

ፎቶ ኮፒ ማድረጊያ የለንም ለምትሉ፣ ጉዳት የለውም። ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ሁለት ጊዜ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው መጽሐፉን ያላነበበ ሕዝብ ሁሉ ጉዱ ካሳን እንደ ጎረቤቱ አወቀው። የሀዲስ ዓለማየሁ ዓረፍተ ነገር ድምፅን ይሸከማል። የእናንተስ? አንባቢው ትንፋሽ የሚያጥረው ቦታ ላይ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል ማለት ነው። ምላሱ የሚሰናከልበት ቦታ ላይ የገጸ ባሕርይው አነጋገር አልተገኘም ማለት ነው፤ የመንዝ ሽማግሌ እንደ ዜና አንባቢ እየተናገረ ነው ማለት ነው።

ጉባኤን ሁልጊዜ ስሙት አልልም። አምስት ሰው ያልወደደውን ሁሉ ከሰረዛችሁ ጽሑፉ የማንም አይሆንም። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ»ን ይዘው ጨዋ የጽሑፍ ክበብ ፊት ቢቀርቡ ኖሮ ምን የሚተርፍ ነበር? መጽሐፉ ሳይታተም ለዓመታት የቆየው ጽሑፉ ስለደከመ አይደለም። እንግዲህ መለያው ይህ ነው፤ ሦስት ሰው ተለያይቶ አንድ ቦታ ላይ ጣቱን ከጠቆመ ችግር አለ። መፍትሔውን ግን ከእነሱ አትቀበሉ፤ የጸሐፊው ሥራ ነው።

ከጉባኤው በኋላ ረቂቁን ወዲያው አታርሙት። የአገራችሁን ጓሳ ታውቁታላችሁ። አባቶች ባቆዩት ሥርዓት ሣሩ እስኪጠና ለዓመታት ተዘግቶ ይከርማል፤ የሚታጨደውም ሲፈቀድ ብቻ ነው። ረቂቅም ለጥቂት ሳምንታት ይዘጋ። ስትከፍቱት የሌላ ሰው ጽሑፍ ይመስላችኋል፤ ያን ጊዜ ነው ምላጩ የሚቆርጠው።

(ሙዚቃ፤ አጭር)

ወደ ንግዱ እንምጣ። ደራሲ ስለ ገንዘብ ሲያወራ የሚያፍር አገር ነው ያለን፤ ማተሚያ ቤቱ ግን አያፍርም።

መርሐ ቤቴ ላይ ሆናችሁ የምታዳምጡን፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የእናንተ አገር ልጅ ናቸው። በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነታቸው ይታወቃሉ፤ «ወዳጄ ልቤ»ን፣ «አዲስ ዓለም»ን የጻፉ ከመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች አንዱም ናቸው። ለዛሬው ትምህርታችን የሚጠቅመን ግን ሌላው ሥራቸው ነው። ኅሩይ ጽፈው አልተቀመጡም። ጎሐ ጽባሕ የሚባል ማተሚያ ቤት አቋቁመው መጽሐፍ አሳትመዋል። ከዚያም በፊት በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት ስም ዝርዝር አዘጋጅተው አውጥተዋል። ምን ተጽፏል፣ ምን ይታተማል፣ ማን ያነባል የሚለውን አብረው ያስቡ ነበር። ያ ሁሉ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ነው።

ዛሬም በእኛ አገር አብዛኛው ደራሲ አሳታሚው ራሱ ነው። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነበር፤ አርታዒዎች ነበሩት። አማረ ማሞን የመሰሉ አርታዒዎች የደራስያንን ረቂቅ እያገላበጡ ያቀኑ ነበር። ሳንሱሩ እንዳለ ሆኖ፣ ያ የአርትዖት ወንበር ዛሬ በአብዛኛው ባዶ ነው። ጸሐፊው ደሞዙን አጠራቅሞ፣ ከዘመድ ተበድሮ በቀጥታ ማተሚያ ቤት ይገባል። የሰፈር ጉባኤ ጥቅሙ እዚህ ላይ ይጎላል፤ ያ የጠፋው አርታዒ በከፊልም ቢሆን እናንተው ናችሁ።

ስለ ሕጉ አጭር ነገር ልበል። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብትን ይጠብቃል። ሥራው የራሳችሁ ከሆነና ወረቀት ላይ ከሰፈረ መብቱ ያኔውኑ የእናንተ ነው፤ ለማግኘት መመዝገብ ግዴታ አይደለም። ማስመዝገብ ግን ክርክር ሲመጣ ማስረጃ ይሆናል፤ የሚመለከተውም የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። መብቱ ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ 50 ዓመት ይቆያል። ሕጉ የሚጠብቀው የጻፋችሁትን እንጂ ያሰባችሁትን አይደለም። ስለዚህ ጉባኤ ላይ ሐሳቤን ይሰርቁኛል ብላችሁ ደብተራችሁን አትደብቁ። ስለ አንዲት መበለትና ስለሚያፈስ ጣራ ሺህ ሰው ሊጽፍ ይችላል። አስካለንና ማጭዷን ግን አንድ ሰው ነው የጻፈው።

ለአሳታሚ ወይም ለፊልም ሠሪ መብት ስትሰጡ በጽሑፍ ይሁን። ምን ሰጣችሁ፣ ለስንት ጊዜ፣ ለስንት እትም፣ በየትኛው ቋንቋ፣ ለሬዲዮስ ትረካ? እያንዳንዱ ለየብቻ የሚሸጥ ነው። «እንተማመናለን» የሚል ቃል ውል ላይ ቦታ የለውም።

ማተሚያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ከሁለት ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ሰብስቡ። ዋጋው የሚወሰነው በገጽ ብዛት፣ በወረቀት ዓይነት፣ በሽፋንና በቅጂ ብዛት ነው። የማዘጋጃው ወጪ 500 ቅጂ ብታሳትሙም 2000 ብታሳትሙም ብዙ አይለያይም፤ ለዚህ ነው ጥቂት ቅጂ ሲታተም የአንዱ መጽሐፍ ዋጋ የሚወደደው። ግን ርካሽ ነው ብላችሁ 3000 አሳትማችሁ 2500ውን አልጋ ሥር አታከማቹ። መጀመሪያ አንባቢያችሁን ቁጠሩ። አከፋፋይ ከሽፋን ዋጋው ላይ ጠቀም ያለ ድርሻ ይወስዳል፤ ብዙ ጊዜም መጽሐፉን የሚቀበለው በአደራ ነው፣ የሚከፍለው ሲሸጥ ነው። የሽፋን ዋጋ ስትተምኑ ይህን አስቀድማችሁ አስሉ፤ አለዚያ መጽሐፉ እየተሸጠ እናንተ ትከስራላችሁ። የእያንዳንዱን መደብር ርክክብ በደረሰኝ ያዙ። መጽሐፍ አዟሪዎችንም አትናቁ፤ ምን እንደሚሸጥ ከማንም በላይ የሚያውቁ እነሱ ናቸው።

እንደኔ እንደኔ፣ የመጀመሪያ መጽሐፍ ለማሳተም አለመቸኮል ይሻላል። ከማተሚያ ቤት በፊት ትምህርት ቤቶች አሉ፣ የጋዜጣና የመጽሔት ዓምዶች አሉ፣ የሬዲዮ ትረካ አለ። የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበርም ከ1952 ዓ.ም ጀምሮ ያለ ተቋም ነው፤ አባልነትም ምክርም ጠይቁ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ቅርባችሁ ነው፤ አማርኛ የሚያስተምሩ መምህራንን አንድ ቅዳሜ ኑልን ብትሏቸው ውርደት የለውም።

(የመዝጊያ ሙዚቃ ከሥር ይጀምራል)

አድማጮቻችን፣ ሰዓታችን እያለቀ ነው። የቤት ሥራ ልስጣችሁ። እስከሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ገጽ ጻፉ፤ ከሁለት አትለፉ። አንድ ሰው፣ አንድ ቤት፣ አንድ የተሰቀለ ወይም የተቀመጠ ዕቃ፣ አንድ ንግግር ይኑርበት። «አሳዛኝ»፣ «ውብ»፣ «እጅግ በጣም» የሚሉትን ቃላት አትጠቀሙ። ከዚያ አራት ሰው ፈልጉ፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፣ ዝም በሉ። የተባላችሁትን በወረቀቱ ጀርባ ጽፋችሁ ከሁለቱ ገጽ ጋር ላኩልን፤ በሚቀጥለው ዝግጅታችን ከመጡት መካከል መርጠን፣ ስም ሳንጠራ፣ በዚሁ ማይክሮፎን እንመረምራቸዋለን። ርእሳችን የገጸ ባሕርያት ንግግር ነው። ደኅና እደሩ።

(ሙዚቃው ከፍ ብሎ ይዘጋል)